ሁለት እኩል ድንጋይ

ከትናንት ወዲያ የቲቪው ሪሞት ድንጋይ አለቀና ልጄን «ሂጂ፣ ከታች ሱቅ ሁለት ድንጋይ ይዘሽልኝ ነይ» አልኳት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗን ከስልኬ ላይ ሳትነቅል «ምን?» አለችኝ። «ድንጋይ! ቀጭኑን፣ የሪሞቱን።» «ማሚ ደግሞ! ባትሪ አትይም? ድንጋይማ ውጪ ሞልቷል» ብላ እየሳቀች ወጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሬያት እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሶፋው ላይ እንደተቀመጥኩ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

የእኔ ዕድሜ ሰዎች ታውቁታላችሁ። በእኛ ጊዜ «ባትሪ» ማለት በእጅ የሚያዘው፣ መብራት ሲሄድ የሚበራው ነው። ውስጡ የሚገባው ደግሞ «ድንጋይ» ይባላል። የባትሪ ድንጋይ፣ የራዲዮ ድንጋይ። ለምን ድንጋይ ተባለ ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም። ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ እሱም እምቢ ካለ በጥርሳችን ነከስ ነከስ አድርገን ትንሽ ነፍስ እንዘራበታለን፤ ምላስ ላይ የሚቀረው የዝገት ጣዕም እስካሁን አይረሳኝም። «ድንጋይ» ሲባል የትኛው እንደሆነ የማይገባው ልጅ ክፍላችን ውስጥ አልነበረም። አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ያሞኘኋት እኔ ነኝ።

ያደግኩት ሀና ማርያም ነው። የትምህርት ቤታችን ግቢ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር፤ ከአጥሩ ጀርባ ገና ጤፍ ይዘራ ስለነበር በአጨዳ ጊዜ የገለባው ሽታ በመስኮት እየገባ ያስነጥሰናል። አምስተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማሩን ቲቸር መኮንን ነበሩ። ከተበላሸ ስፒከር ያወጡትን ማግኔት በኮታቸው ኪስ ይዘው ይመጣሉ። ከቁልፋቸው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ሲላቸው እኛ በሳቅ እንሞታለን። ማግኔት ያን ሰሞን አሳበደን። የተሰበረ ስፒከር ያለው ልጅ ንጉሥ ነበር። ማግኔቱን በክር አስረን አቧራው ላይ እየጎተትን ጥቁሩን የብረት ብናኝ እንለቅማለን፣ «ፂም አወጣ!» እያልን እንጯጯኻለን። ወረቀት ላይ ሚስማር አስቀምጠን፣ ማግኔቱን ከሥር እያንቀሳቀስን ሚስማሩን እናስጨፍረዋለን። እኔ ደግሞ አንደኛ የምወጣ ልጅ ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ያበላሸኝ እሱ ስለሆነ ነው።

ጸጋነሽ የመጣችው በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ነው፣ ከወላይታ። አባቷ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ያኔ ለቡ ቤት መሠራት የጀመረበት ጊዜ ስለነበር ሥራ ያገኙት እዚያ ነው፤ የሚኖሩትም እዚያው ግንባታው ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል። ቲቸር መኮንን «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ አማርኛውን አግዣት» ብለው ከእኔ ጋር አስቀመጧት። አማርኛዋ ገና ነበር፤ እኔን «አንተ» ትለኛለች፣ ቲቸርን «አንቺ»። ክፍሉ ሲስቅ እሷም አብራ ትስቃለች። ያልገባት ቃል ሲመጣ በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች፣ እኔ በሹክሹክታ እነግራታለሁ፤ ያልኳትን ሁሉ ታምናለች። በፌስታል ጠቅልላ የምታመጣውን የተቀቀለ ስኳር ድንች ለሁለት ገምሳ ትልቁን ለእኔ ትሰጠኛለች። ደብተሬ ሁሉ ስኳር ድንች ስኳር ድንች ይሸት ነበር። እወዳት ነበር። ውሸቴን አይደለም፣ በጣም እወዳት ነበር።

ከዚያ ማግኔቱ ተሰበረ። ከቲቸር መኮንን እጅ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና ለሁለት ተከፈለ። እሳቸውም ከማዘን ይልቅ ጥያቄ አደረጉት። «እንግዲህ ሰሜን ጫፉ አንደኛው ስባሪ ላይ፣ ደቡብ ጫፉ ሌላኛው ላይ ቀረ ማለት ነው?» እኔ ማሰብ ብሎ ነገር የለም፣ ብድግ ብዬ «አዎ ቲቸር!» አልኩ። ጸጋነሽ እጇን አወጣች። ጥያቄ ስትመልስ አይተናት ስለማናውቅ ሁሉም ዞሮ አያት። ቃሉ ሲያጥራት ጊዜ ወደ ፊት ወጥታ ሁለቱን ስባሪ ከእጃቸው ተቀበለች። አስጠጋቻቸው፣ ተሳሳቡ። አንዱን ገለበጠችው፣ ተገፋፉ። ሌላኛውን ስትገለብጠው እንደገና ጥብቅ አሉ። «ሁሉም ሁለት ሁለት አለው» አለች። ለካ እነሱ ግቢ ውስጥ ከወዳደቀ ስፒከር ማግኔት አግኝታ፣ ሰብራ፣ ብቻዋን ሞክራዋለች! ቲቸር «አጨብጭቡላት!» አሉ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ውስጤ ግን እርር ድብን አለ። የመለሰችው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ግን ያለኝን ሁሉ የነጠቀችኝ መሰለኝ።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ቲቸር የቤት ሥራ ሰጡን። «አርብ እያንዳንዳችሁ ሁለት ድንጋይ፣ አንድ ክንድ ሽቦና ትንሿን አምፖል ይዛችሁ ትመጣላችሁ። አምፖሉን አብርቶ ኮረንቲው ከየት ወጥቶ በየት እንደሚዞር በደንብ ያስረዳ ልጅ፣ የወላጆች ቀን እንግዳ ፊት ቆሞ ያሳያል።» የወላጆች ቀን! እናቴ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጎረቤት ሁሉ አስከትላ የምትመጣበት ቀን። ያ ቦታ የእኔ ነው ብዬ ዓመቱን ሙሉ ጠብቄዋለሁ። አሁን ግን ቲቸር ይህን ሲናገሩ የሚያዩት ጸጋነሽን ነበር።

ያን ጊዜ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «ድንጋይ ምንድነው?»

«ድንጋይ ነዋ! አባትሽ የሚጠርቡት» አልኳት።

«እሱን?»

«እሱን።»

ግራ ገባት፤ ግንባሯን ቋጥራ ትንሽ አሰበች። እዚያ ጋ «ቀልዴን ነው» ብላት ነገሩ ባለቀ። እሷ ግን «ትልቅ ነው ትንሽ?» አለችኝ፣ እኔም ጡጫዬን ጨብጬ ልኩን አሳየኋት። ከዚያ በላዩ ላይ ደግሞ፣ ይህችን ሳስታውስ ነው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የምለው፣ «እኩል መሆን አለባቸው፣ አለበለዚያ አይበራም» አልኳት። ይህችን ከየት አመጣኋት? ማንም አላስተማረኝም። ከራሴ ሆድ ነው የወጣችው።

አርብ ዕለት ክፍሉ ሽቦ በሽቦ ሆነ። የሽቦውን ላስቲክ በጥርሳችን እንልጣለን፣ አንዱ አምፖል ብልጭ ባለ ቁጥር «በራ! በራ!» ይባላል። ቲቸር መኮንን እየዞሩ እኛ ጋ ሲደርሱ ጸጋነሽ ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ፈታች። ሁለት ድንጋይ። ከመንገድ የተነሳ ተራ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። አባቷ ቀኑን ሙሉ ሲጠርቡ ውለው፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ቁጭ ብለው በመሮ አበጅተውላታል። ጠርዛቸው የተስተካከለ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ፣ ታጥበው የጠሩ። አጠገባቸው ሽቦዋንና አምፖሏን በሥነ ሥርዓት ደረደረችና ቀና ብላ ቲቸርን አየቻቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ያሉት ለማየት ዴስክ ላይ ወጡ። ቲቸር መኮንን ደግ ሰው ነበሩ፣ ግን ምን ያድርጉ፣ ሳቁ አመለጣቸው፤ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ቢያዞሩም ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ጸጋነሽ እንደ ልማዷ አብራ መሳቅ ጀመረች። ከዚያ የሌሎቹን ድንጋይ አየች፣ የራሷን አየች፣ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። እኔ አልሳቅኩም፤ አንገቴን ደፍቼ ደብተሬን አያለሁ። እሰይ እንዳትሉኝ፣ ፈርቼ ነው። ቲቸር «ማነው ይህን አምጪ ያለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ማንም ቲቸር። እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማሁት» አለች። ያን ቀን አማርኛዋ አንድም ስህተት አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ስሟ ድንጋይ ሆነ። «ድንጋይ መጣች!» «እስቲ ድንጋይ ትመልሰው!» ድንጋይ ማለት ትምህርት የማይገባው ሰነፍ ማለትም ስለሆነ፣ ስሙ አልለቅ አላት። እጇን ማውጣት ተወች። ማግኔቱን ሰብራ የሞከረችው ልጅ ሳይንስ ሲሆን ዴስኩ ላይ ትተኛ ጀመር። እኔን ግን አልራቀችኝም፤ ስኳር ድንቹንም እንደ ድሮው ገምሳ ትሰጠኛለች። እኔ ግን «ጠግቤያለሁ» እያልኩ እመልስላት ነበር።

የወላጆች ቀን ጠረጴዛው ጋ የቆምኩት እኔ ነኝ። አምፖሌ በራ፣ ተጨበጨበ፣ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። ሰው መበተን ሲጀምር አንድ ቀጭን ሰውዬ ከሰውነታቸው የሰፋ ኮት ለብሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ጠረጴዛው መጡ። ጣታቸው ሁሉ የተሰነጣጠቀ ነው። ሽቦውን አዩ፣ አምፖሉን አዩ፣ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ሳይቀር ፈለጉ። «የኔ ልጅ፣ የጸጋነሽ ድንጋይ የት ነው ያለው?» አሉኝ።

አልነገረቻቸውም ማለት ነው። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ቲቸር ቢሮ አስቀምጠውታል፣ እንዳይጠፋ» አልኳቸው። ፊታቸው በደስታ ፈካ። «እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብለው በዚያ ሻካራ እጃቸው ራሴን ዳበሱኝና ሄዱ። ክረምት ሲገባ የለቡው ሥራ አለቀ፤ መስከረም ላይ ጸጋነሽ አልተመለሰችም።

ያለፈው ቅዳሜ ጎፋ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ሴት ከኋላዬ «ሰብለ! ሰብለ አይደለሽም?» አለችኝ። ዞር ስል ጸጋነሽ ናት። ሃያ አምስት ዓመት ሆኖን፣ ከዓይኗ ነው ያወቅኳት። ተቃቀፍን፣ ተሳሳምን፣ መላቀቅ አቃተን። የደረሰች ሴት ልጇ አጠገቧ ቆማለች። «ያቺ የምነግርሽ ጓደኛዬ ይቺ ናት!» አለቻት። «ክፍሉ በሙሉ፣ ቲቸር ሳይቀሩ ሲስቁብኝ፣ እሷ ብቻ ናት ያልሳቀችው። እሷማ በደንብ አስረድታኝ ነበር፤ የኔ አማርኛ ነው እንጂ ጉዱ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ልጅቷ በአክብሮት ጎንበስ ብላ ጨበጠችኝ።

ጸጋነሽ ወሬዋን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም፤ መልሱን እያወቀችው እንኳ ስሟ ሲጠራ ምላሷ ይተሳሰር ነበር፤ አሥረኛ ክፍል ላይም ትምህርቱን ተወችው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እንደ ቀልድ ነው። አባቷን ስጠይቃት ካረፉ ቆይተዋል አለችኝ።

«ጸጋ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ምነው?» ብላ እጄን ያዘችኝ። ልጅቷም ታየኛለች። «ምንም አልተለወጥሽም» አልኩ። ስልክ ተለዋወጥን፣ ታክሲ መጣ፣ ገባሁ።

ዛሬ ልጄ ኤሌክትሪክ የምትማረው ሁሉ ነገር ተሟልቶ ከታሸገ ካርቶን ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ስሙ ተጽፎበታል፣ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋትም። የእኛ ጊዜ ደስ ይል ነበር እያልኩ ሳወራላት ኖሬያለሁ። አሁን ስለዚያ ጊዜ ማውራት አፍራለሁ። የአምስተኛ ክፍሏን ሰብለን ልጅ ነበረች፣ ቀንታ ነው ብዬ ላልፋት እችላለሁ። ጎፋ ላይ ያን ሁሉ ምስጋና ዝም ብላ የተቀበለችው ግን የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ የልጅ እናት ናት። ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጠራ፣ ጸጋነሽ ናት። እጄ ላይ መጥራቱን እስኪያቆም ድረስ ቁጭ ብዬ አየሁት።