አባባ እንድሪስ ያላወቋት እንስሳ

ልጅ ሳለሁ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው ግቢያችን፣ አመሻሽ ላይ አባባ እንድሪስ ከሰል ምድጃው ዙሪያ ሰብስበውን እንቆቅልሽ ሲጠይቁን፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን የምወረውረው እኔ ነበርኩ። «ቀስ በይ አንቺ ቃዲ፣ ፍርዱ አያመልጥሽም» ይሉኛል። አባባ የአባቴ አጎት ናቸው። ከወሎ በወጣትነታቸው ወጥተው ዕድሜያቸውን የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱበት ኖሩ፤ ዓይናቸው ሲደክም መሪውን ለአባቴ አስረክበው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። ያኔ ደርግ ነበር፤ ቀበሌው በየጊዜው ስብሰባ ይጠራል፣ ስኳርና ሳሙና በሰልፍ ነው። እኛ ልጆቹ ግን ፋኖሱ በርቶ እሸቱ ፍሙ ላይ መንጣጣት ከጀመረ ሌላ ነገር ትዝ አይለንም።

የተረታቸው ሁሉ ጀግና ጥንቸል ነበረች። ጅብን ታታልላለች፣ አንበሳን ጉድጓድ ታስገባለች። እንቆቅልሽ ላይ ደግሞ ያልመለሰ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እኛ ጎንደርንም ጅማንም ሐረርንም ለአባባ ሰጥተን ጨርሰናል። እሳቸው አንድም ቀን አገር ሰጥተው አያውቁም። ጨረቃ ስንት ኪሎ ናት ብትሏቸው እንኳ «ከአባትሽ ኤንትሬ መኪና ትንሽ ትከብዳለች» ይላሉ እንጂ አላውቅም አይሉም።

አንድ ቀን አባቴ ከአዋሽ ለሰፈራችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥጥ ጭኖ ገባና ካርቶን ይዞ ከመኪናው ወረደ። ከጥጥ እስሮቹ መሃል አንዲት እንስሳ አግኝቷል። ከጭብጥ አትበልጥም፤ ጆሮዋ ቀጥ ያለ፣ የኋላ እግሯ ረጅም፣ የፊቷ አጭር፣ ስትሄድ እየዘለለች ነው። እኔ ወዲያው ፈረድኩ፣ «የጥንቸል ልጅ ናት»።

እናቴ ግን ጆሮዋን አላየችም፤ ጅራቷን ነው ያየችው። ረጅም ነው፣ ጫፉ ላይ ጸጉር አለው። «ይኼ የአይጥ ጅራት ነው» አለች። ባለፈው ክረምት አይጥ የጨቅላ ወንድሜን ጣት ነክሳው ስንት ሌሊት አልተኛችም፤ አይፈረድባትም። «ጥንቸል ከሆነች ትኑር። አይጥ ከሆነች ግን ዛሬውኑ ትገደላለች። አባባ ይንገሩን።»

አባባ ከመግሪብ ሶላት እስኪመለሱ እንስሳዋን በሻሼ ጠቀለልኳትና ጅራቷን ደበቅሁት፤ ጆሮዋ ብቻ ይታያል። መጥተው ተቀመጡ፣ ፋኖሱን አስጠጉ፣ ሻሹን በሁለት ጣት ገለጥ አደረጉና «ጅራቷን ምን ብታደርግሽ ነው የደበቅሽባት?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀብኝ። ትንሿ እንስሳ እጃቸው ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር። ጥርሷን አዩ፣ እግሯን አዩ፣ ሻሹን መልሰው አለበሷት።

«አባባ፣ ጥንቸል ናት አይደል?» አልኩ።

«እውነቱን ይንገሩኝ» አለች እናቴ።

«አላውቃትም» አሉ። «ተሸነፍኩ። አገር ልስጥ።»

ጆሮዬን አላመንኩትም። አባቴ እየሳቀ «የትኛውን አገር ይሰጡናል?» አለ።

«አዋሽን። የመጣችበትን። ነገ ስትወርድ ይዘሃት ሂድና ልቀቃት።»

እናቴ አልተዋጠላትም። «አይጥ ብትሆንስ አባባ?»

«ማን እንደሆነች ሳይታወቅማ እንዴት ትገደላለች?» አሉ ዝግ ብለው።

አባቴ ካርቶኑን አስጠጋላቸው። የአባባ አንድ ልጅ ጀማል፣ በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ከሌላ ወጣት ጋር ስሙ ተመሳስሎ ከቤት ተወስዷል። ስህተት መሆኑ የታወቀው ከተገደለ በኋላ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አባባ ግን ስለ እሱ ሲያወሩ ሰምተን አናውቅም። እናቴ ተነስታ ገባችና ጥቂት ማሽላ አምጥታ በእጇ ካርቶኑ ውስጥ በተነችላት። ሲነጋ አባቴ ይዟት ሄደ።

እኔ አባባን ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው። ጥንቸል ናት ቢሉ ኖሮ የእኔ ትሆን ነበር። ለጓደኞቼ ደግሞ አባባ አረጁ፣ እንኳን ተረት እንስሳም አያውቁም ብዬ አወራሁ።

እሳቸው ካረፉ ብዙ ዓመት በኋላ፣ መምህር ሆኜ፣ አንድ የእንስሳት መጽሐፍ ውስጥ ያቺን ጆሮና ያንን ጅራት አየሁ። በዝላይዋ ጥንቸል ትመስላለች እንጂ ወገኗ ከአይጥ ነው፤ የበረሃ ናት። መጽሐፉን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ምስር ትለቅም ነበር።

«እማዬ፣ ለካ አንቺ ነበርሽ ልክ። አባባ አላወቋትም።»

ቀና ብላ እንደ ሞኝ አየችኝ። «አባባ? ያንን በረሃ ዕድሜ ልካቸውን ሲመላለሱበት የኖሩት? በማግስቱ ነግረውኛል። በመኪናው መብራት ፊት ስትዘል ያላዩበት ጉዞ የለም፤ የአገሬው ሰው የሚጠራትን ስም ሁሉ ያውቁ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላውቅም አሉ?»

«አይጥ ናት ቢሉኝ ምን አደርጋት ነበር?» አለችና ምስሯን ቀጠለች።

በጣም ከፋኝ። ያንን ኩርፊያዬን ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። ዛሬም ቸኩዬ የምመልስ ሴት ነኝ፣ አመል ነው፤ ተማሪዎቼም ይስቁብኛል። ሰው ስለ ሰው «እሱ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን፣ ብነግረው ምን ሊያደርገው እንደሆነ ሳላውቅ አፌን አልከፍትም።