ከሳኮሌው ሥር የነበረው ወተት

ዶና ዞራይዴ ሮዚኔቴን በጥፊ ያጠናገረቻት በገዛ ልጇ ቀብር ላይ ነው። አፈሩ ገና አልተመለሰም፣ ቄሱም ጸሎታቸውን አልጨረሱም። ሮዚኔቴ የታቀፈችው ሕፃን እሪ አለ።

«የባልሽ ጥይት ናት!»

«ኧረ ዶና ዞራ፣ የማን ጥይት እንደሆነች ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ! የወለድኳት እኔ አውቃለሁ!»

እውነቱን ለመናገር ማንም አያውቅም። በድሆቹ ሰፈር በፍየል ኮረብታ ጥይት ባለቤት ኖሮት አያውቅም። በዚያ ቀን የሮዚኔቴ ባል ዴኮና ዕፅ ሻጭ ግብረ አበሮቹ ከጣሪያ ላይ፣ ፖሊሶች ደግሞ ከታች ይተኩሱ ነበር። የዶና ዞራይዴ ልጅ ጃንዲራ የምሳ ዕቃዋን ይዛ ወደ ሥራ ደረጃውን ትወርድ ነበር። አንዷ ጥይት አንገቷን በጥሳ አለፈች። ዞራይዴ ግን የምትጠላው ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ፖሊስ ሩቅ ነው፣ ሮዚኔቴ ደግሞ አራት ቤት አልፋ ነው የምትኖረው።

ዞራይዴ የምትተዳደረው ሳኮሌ በመሸጥ ነው። የኮኮና የማንጎ ጭማቂ በቀጭን ላስቲክ ትቋጥርና በፍሪዘሯ ውስጥ በረዶ ታደርገዋለች። ፀሐይ ሲበረታ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በሯ ላይ ይኮለኮላል፤ እሷም እየተሳደበች ትሸጥለታለች። ልጆቹ ስድቡንም ሳኮሌውንም ለምደውታል።

ከሳኮሌው ሥር የጃንዲራ ወተት ነበር። ጃንዲራ ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳ ገበያ አዳራሽ ገንዘብ ተቀባይነቷን ስትቀጥል፣ ጠዋት ጠዋት ጡቷን እያለበች ወተቱን ለሕፃን ልጇ ትታ ትሄድ ነበር። የፕላስቲክ ክዳን ያለው የቡና ጠርሙስ ቀቅላ ትሞላውና ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፋ ትለጥፍበታለች። «የፊተኛው ይቅደም እማዬ» ትላለች። «እሳት ላይ እንዳትጥጂው። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ አሟሚው፣ ቅባቱ እንዲዋሃድ ቀስ እያልሽ አዙሪው። አንዴ ከቀለጠ ደግሞ መልሰሽ በረዶ አታድርጊው።»

«አንቺንም ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ እኮ» ትላታለች እናቷ።

ጃንዲራ ተቀብራ ወተቷ ቀረ። ልጇ ትንሿ ማይራ የላም ወተት ዱቄት ስትቀምስ ፊቷ ያብጣል፣ ደም ያስቀምጣታል። ልዩ ዱቄት አለ ተብሏል፤ ጤና ጣቢያው ግን ወረፋ ጠብቁ ብሏል። እስከዚያ ሕፃኗን በሕይወት የሚያቆያት ያ በረዶ የሆነ የእናቷ ወተት ብቻ ነው። ዞራይዴ የፊተኛውን እያስቀደመች ታቀልጣለች። ጃንዲራ በሞተችበት ጠዋት የሞላችውን የመጨረሻውን ጠርሙስ ግን ከፍሪዘሩ ጥግ ቀብራዋለች፤ እጇ ወደሱ አይሄድም።

ፍሪዘር ያላት የኮረብታው ሴት ሁሉ የምታደርገው ነገር አለ። ውሃ በብርጭቆ በረዶ አድርጋ ከላዩ ሳንቲም ታስቀምጣለች። መብራት ጠፍቶ ቢመጣ፣ ሳንቲሙ ከላይ ከተገኘ ደህና ነው፤ ከሥር ከተገኘ ሁሉም ነገር ቀልጦ ነበር ማለት ነው። ዞራይዴ ጠዋት ከጸሎቷ በፊት የምታየው ሳንቲሙን ነው።

ሐሙስ ዕለት ፖሊሶች መጡ። ሄሊኮፕተሩ ጣሪያዎቹን እየላሰ ሲያልፍ ትራንስፎርመሩ ተመትቶ ፈነዳ፤ የኮረብታው መብራት በሙሉ ጠፋ። ዞራይዴ ማይራን አቅፋ ግድግዳው ድርብ ወደሆነው መታጠቢያ ቤት ገባች። ፍሪዘሩ ካልተከፈተ እስከ ነገ ይቆያል ብላ ራሷን አጽናናች። ጥይቱ የጎረቤቱን የውሃ ታንከር በሳው፤ ውሃው ደረጃውን ይዞ ወረደ። አንድ ሰው «እናቴ! እናቴ!» እያለ ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ።

በሩ ተገንጥሎ ወደቀ። ፊታቸውን የሸፈኑ ሁለት ፖሊሶች ገቡ። አንደኛው ዞራይዴን ከመታጠቢያ ቤቱ አስወጥቶ ፍሪዘሩን አሳያት።

«ይሄ ሳጥን ምን አለበት፣ አሮጊት?»

«ሳኮሌ ነው! ከሥሩ የሕፃን ወተት ነው! አትክፈተው፣ በአምላክ!»

አትክፈት ማለቷ ነው ያጠፋት። የዴኮ ግብረ አበሮች ዕፃቸውን በረዶ ሥር እንደሚደብቁ ፖሊስ ሁሉ ያውቃል። ሰውዬው ክዳኑን በርግዶ ሳኮሌውን ወለሉ ላይ ዘረገፈውና አንድ ጠርሙስ አነሳ።

«ወተት በቡና ጠርሙስ?» ብሎ ሳቀ። ወለሉ ላይ ፈጠፈጠው። ነጩን በረዶ በጫማው ጨፈለቀ፤ ምንም የለም። ሁለተኛውን ፈጠፈጠ።

ዞራይዴ ሕፃኗን የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ አስቀምጣ ዘለለች። እጁን ከነጓንቱ ነከሰችው፤ አጥንት እስኪሰማት ነከሰችው። እሱም በጠመንጃው ሰደፍ አፏን አላት። ስትወድቅ የቀሩት ጠርሙሶች በላይዋ ላይ ሲሰበሩ ሰማች።

ስትነቃ ሰዓታት አልፈዋል፤ ፖሊሶቹ ከቤቷ ሄደዋል። ክዳኑ እንደተበረገደ ነው፤ ቤቱ እንደ ምድጃ ግሏል። ወለሉ ላይ ወተትና ደም ተቀላቅሏል። ጥርሷን ከስብርባሪው መሃል አየችው። ማይራ ሳፋው ውስጥ ሆና ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ታለቅሳለች።

ብርጭቆውን አነሳች። ሳንቲሙ ከሥር ነው።

ከጥጉ ያ የመጨረሻው ጠርሙስ ብቻ ተርፏል። ቀልጦ ቅባቱ ከላይ ሰፍሯል። አንድ ጊዜ ያጠግባታል፤ ከዚያስ?

ያኔ ከመንገዱ ዋይታ ተሰማ። «ዴኮን ገደሉት! ሮዚኔቴ ደጅ ላይ ገደሉት!»

ዞራይዴ ደስ አላት። መደበቅ አያስፈልግም፣ አጥንቷ ድረስ ደስ አላት። ከዚያ ማይራ እንደገና አለቀሰች፤ ደስታውም አለቀ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሕፃኗን በአንድ እጇ፣ ጠርሙሱን በሌላው ይዛ አራቱን ቤት አለፈች።

ሮዚኔቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሸሚዟ የባሏን ደም ጠጥቷል። ልጇ አጠገቧ ይንፈራገጣል። የዞራይዴን ያበጠ አፍ አየችና ጉንጯን አዞረችላት።

«ልትመቺኝ ነው? ምቺኝ በቃ።»

«ያንን ሸሚዝ አውልቂ» አለች ዞራይዴ ደም እየተፋች። «እጅሽን ተለቃለቂ። ልጄን ገድላችሁብኛል፤ ለልጇ ጡትሽን ትሰጫታለሽ።»

ሮዚኔቴ ሸሚዙን አውልቃ ወረወረች፤ ተለቃልቃ እጇን ዘረጋች። ማይራ ጡቱን እንደያዘች ጸጥ አለች። አንዱን ሟጠጠች፣ ሁለተኛውን ያዘች። የሮዚኔቴ ልጅ በረሃብ ቤቱን ቀወጠው።

«ዶና ዞራ፣ ለእሱ የሚተርፍ የለኝም» አለች ሮዚኔቴ፤ አሁን ገና እንባዋ መጣ።

ዞራይዴ ጠርሙሱን አየችው። ነገ ይጎመዝዛል። መድፋት ትችላለች፤ እጇ ለመድፋት ተንቀሳቅሷል።

«ድስት የት ነው ያለው?»

ጋዙን ለኩሳ ውሃ ለብ አደረገች፤ እሳቱን አጥፍታ ጠርሙሱን ውሃው ውስጥ አቆመችው፤ ቅባቱ እስኪዋሃድ ቀስ እያለች አዞረችው።

«የጃንዲራ ነው?» አለች ሮዚኔቴ።

«እንዳይበላሽ ነው። ይቅር ብላኛለች እንዳትዪ፣ አላልኩሽም። ጠርሙሱን ቀቅዬ ጠዋት አመጣዋለሁ፤ ትሞዪዋለሽ።»

«እሺ፣ ዶና ዞራ።»

የሮዚኔቴን ልጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወተቱን በትንሽ ስኒ ከከንፈሩ አስጠጋችለት። ግንባሩ፣ ቅንድቡ፣ ያ ጠማማ አገጩ ሳይቀር ቁርጥ አባቱን ነው። ዞራይዴ ያንን የጠላችውን ፊት እያየች፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ስኒውን አዘነበለችለት።