የጋሽ ዘሪሁን ቋጠሮ

ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ አታውቁኝም፣ ለዛ ነው ለናንተ የሚቀለኝ።

እኔ ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁ ነኝ፤ ግን ጁባ ውስጥ ከኔ እጅ የሚያመልጥ ሽቦ የለም። በቀልድም አንደኛ ነኝ። ጋሽ ዘሪሁንን ያጠፋሁትም በሁለቱ ነው፣ በሽቦና በቀልድ።

ሸሪካት በሚባለው የጁባ ሰፈር፣ ወንዝ ዳር፣ የውሃውን ከፍታ የሚለኩ ሴንሰሮች እንገጥም ነበር። ሽቦዎቹ የሚገቡት ዳታ ሎገር ውስጥ ነው፤ ልኩን እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ሳጥን። ቀዩ ሽቦ ከባትሪው ኃይል ይወስዳል፣ አረንጓዴው ልኩን ያመጣል። ከተቀያየሩ ሳጥኑ ይቃጠላል። ጋሽ ዘሪሁን ደግሞ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ። "ልጄ፣ ሰው ከሰማ እንጀራዬ ተዘጋ" አለኝ። ጠዋት ጠዋት ቀለሙን እነግረዋለሁ፤ እሱ ቀዩ ላይ በክር አንድ ቋጠሮ፣ አረንጓዴው ላይ ሁለት ያስራል። ከዛ በጣቱ እየዳበሰ ይሠራል። ከኔ ይሻል ነበር። ይሄን ማለት አሁንም ያመኛል።

አንድ ቀን ሙዲሩ፣ አለቃችን፣ በሰው ፊት "ከዘሪሁን ተማር" አለኝ። እኔን። ጋሽ ዘሪሁን ምሳ ሰዓት ላይ ሊጸልይ ዛፍ ስር ሲሄድ፣ ሽቦዎቹ ገና ሳይገጠሙ፣ ቋጠሮዎቹን ፈትቼ አቀያየርኳቸው። እኔ ነኝ ያቀያየርኩት። ለሳቅ ነው፣ ባትሪውን ሳያገናኝ አስቆመዋለሁ ብዬ ነበር። አስቆምኩት? እጁ ወደ ባትሪው ሲሄድ አየሁ፣ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ሳጥኑ ጨሰ።

"ሙዲር፣ ይሄ ሰውዬ ቀይና አረንጓዴ አይለይም እኮ" አልኩ። ማን ጠየቀኝ? "እንኳን ሹፌር አልሆነ፣ መብራት ላይ ስንቱን ይጨርስ ነበር" ብዬ ጨመርኩበት። ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ዘሪሁን ክሩን እየዳበሰ "ጣቴ ነው የከዳኝ" አለ። እኔን አልጠረጠረም። በዛው ተባረረ፣ ቦታው ለኔ ተሰጠ።

አሁን ጁባ ታውን ገበያ ሸሚዝ ይሸጣል። ባለፈው ልነግረው ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት ሁለት ሸሚዝ አነሳና "ና እስቲ ልጄ፣ ቀዩ የቱ ነው? ደንበኛዬ ቸኩሏል" አለኝ።

አረንጓዴውን ጠቆምኩት። ለምን? እንጃ። ደንበኛው ሳቀ። ጋሽ ዘሪሁንም አብሮ ሳቀና "አይ አንተ፣ ቀልድህን አትተውም" አለኝ።

ሳልነግረው ተመለስኩ። ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር የሚባለው የተወ ሰው ነው። እኔ የት ተውኩ?