ያልተነከረው አውራ ጣት

የወሰዱኝ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ነው። ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ተሰባብሮ፣ አሰበ ተፈሪ እስር ቤት ስደርስ ሱሪዬ ነጥቶ ነበር።

ጥፋቴ አንድ የፈረንሳይኛ ቃል ናት። ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ መቀጠር ለሚመኙ ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ ፈረንሳይኛ አስተምር ነበር። ያን ቀን «ኤስክላቫዥ» ብዬ ጻፍኩ፤ ባርነት። አንዱ በዓረፍተ ነገር አስገባልን አለኝ። «የሰው ጉልበት ያለ ፈቃዱ የሌላ ሲሆን» ብዬ ባቆም ምን ነበረበት! ምላሴ አላርፍ ብሎ የጭሰኛውን ኑሮ ምሳሌ አደረግሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው ከባለርስቶቹ ጆሮ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም።

ክፍሉ እርጥብ ጆንያ ይሸታል። እግር ብረት ስላነሰ ሁለት ሁለታችንን በአንድ ሰንሰለት ያስሩን ነበር። የእኔ ቁራኛ የበደሳ ገበሬ ሆኑ፤ የባለርስቱ ወኪል መጥቶ የጌታውን ድርሻ ሳይገምት ማሽላቸውን አጨዱ ተብለው የታሰሩ ሽማግሌ። ሲሰግዱ ሰንሰለቱ እንዳይስባቸው አብሬ እነሳለሁ፣ አብሬ እንበረከካለሁ። የቄስ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን የእስር ቤቱ አዛዥ መቶ አለቃ አስጠራኝ። እኔ ስጠራ እሳቸውም ተጠሩ ማለት ነው። የተዘጋጀ ወረቀት ሰጠኝ፦ ቃሉ የሚነገረው ስለ ውጭ አገር ሰዎች ብቻ ነው፤ በአገራችን የሚመለከተው የለም፤ ተሳስቼ አስተምሬያለሁ።

«መምህር፣ ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ» አለኝ።

ሚስቴ ወሯ ገብቶ ነበር። ፈረምኩ። ሁለቴ እንኳ አላሰብኩም፤ እስከ ዛሬ የማፍረው በዚያ ነው።

ምስክር ያስፈልግ ስለነበር መቶ አለቃው የጣት አሻራ ቀለሙን ወደ ገበሬው ገፋላቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ባርሲሳ፣» አሉኝ፤ አስተማሪ ማለታቸው ነው፤ «ይሄ ወረቀት ምን ይላል?»

መዋሸት እችል ነበር። «ያ ቃል እርስዎን አይመለከትም ይላል» አልኳቸው።

«አንተስ፣ እውነት ነው ብለህ ፈረምክ?»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«ማሽላው ያንተ አይደለም አሉኝ። እሺ። ይሄ ጣት ግን የኔ ነው፣ ወላሂ።»

አውራ ጣታቸውን በመዳፋቸው ጨብጠው ቆሙ። መቶ አለቃው ክንዳቸውን በአለንጋ መታ፤ ደገመ። ጡጫቸው አልተፈታም።

ሌላ ምስክር ሊጠራ ወደ በሩ ሲሄድ ወረቀቱን ሳብኩና ስሜን ሰረዝኩት። ድፍረት አይባልም፤ ከአጠገባቸው ፈቀቅ የምልበት ቦታ አልነበረኝም።

ስምንት ወር ተቀመጥኩ። ልጄን ያየኋት መዳህ ስትጀምር ነው፤ ያ አሁንም ይቆጨኛል። እሳቸውን ግን ስሜን በሰረዝኩ ማግስት ከሰንሰለቴ ፈትተው ወዴት እንደወሰዷቸው የነገረኝ የለም። ያን ቀን የቀትሩ የዙህር ሶላት ሰዓት ሲደርስ ብቻዬን ተነስቼ ቆምኩ።

አሁን አርጅቻለሁ። አዛን ስሰማ ቀኝ እግሬ ሳላዘው ሰብሰብ ይላል፤ ሰንሰለቱ እንዳይስባቸው።