የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፋት

በጃንሆይ ዘመን ሲሬ ላይ ባለ አንድ ክፍል ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ። ነቀምት ላይ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት የተማርኩ ጎረምሳ ብሆንም አገሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለኝ ነበር፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ «አይደለሁም» ብዬ አላውቅም። ነጭ ጋዎኔን ለብሼ ገበያውን ሳቋርጥ ሰው ሲነሣልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

በሽተኛ የመጣበት ነገር ምንም ይሁን ምን፣ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቴ ገልጬ ካላየሁለት ተመረመርኩ አይልም። እግሩን እሾህ የወጋው እንኳ መጀመሪያ ፊቱን ነው የሚያቀርብልኝ። ደም ማነስን ለማወቅ የተማርኩትን ዘዴ ለሁሉም አደረግሁት። ውኃ ከወንዝ በእንስራ ስለሚመጣ እጄን የምታጠበው ጠዋትና ማታ ብቻ ነበር። በመሃል ጣቴን በጋዎኔ ጠረግ አድርጌ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

አንድ ክረምት የዓይን ሕመም ገባ። ዓይን ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያለቅሳል፤ ከጆሮ ፊት ለፊት ሽምብራ የሚያህል እብጠት ይወጣል። ቅባት ብቀባ፣ ብቀባ ምንም አልፈየደም። መንስኤው አዴኖቫይረስ የሚባል ቫይረስ እንደሆነና ያ ቅባት እንደማይነካው የተማርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከታመሙት መካከል አንዲት ባልቴት ነበሩ። ከሳምንት በፊት ለእግራቸው ቁስል ሲመጡ ዓይናቸው ጤነኛ ነበር፤ ገልጬ ያየሁት እኔው ነኝ። መዝገቡን ሳገላብጥ ሌሎቹም እንደዚያው ሆኑ። ለሳል ወይም ለቁርጠት መጥተው፣ በሳምንቱ ዓይናቸውን ታመው ተመልሰዋል። ያስተላለፍኩባቸው እኔ ነበርኩ።

ክፉኛ አፈርኩ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም። ብናገር ደግሞ ማን ዳግመኛ ያምነኛል? ነገር ግን ምክንያቱን ካላወቁ ቤታቸው ውስጥ በአንድ ፎጣ መጠራረጋቸውን አይተዉም።

በገበያ ቀን ደጃፉ ላይ ተሰብስበው ሳሉ ወጣሁና ሕመሙ በእጅና በፎጣ እንደሚተላለፍ በኦሮምኛም በአማርኛም ነገርኳቸው። ወደ ባልቴቷ ዞሬ፣ «አዮ» አልኳቸው፤ እዚያ እናትን እንዲህ ነው የምንጠራው። «ይህን ሕመም ያስያዝኩዎት እኔ ነኝ፣ በዚህ ጣት።» አውራ ጣቴን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

አንድ ነጋዴ «ታዲያ ምን ዓይነት ዶክተር ነህ?» አለኝ።

«ዶክተር አይደለሁም፣ ድሬሰር ነኝ» አልኩት።

ባልቴቷ ተነሥተው ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ያን ዕለት ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ምስክር ወረቀትም ተሸልሜያለሁ፤ ሆኖም በሕይወቴ ከሁሉ የምኮራው በዚያ ቀን ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ባልቴቷ ለእግራቸው ቁስል ተመለሱ። ዓይናቸው ጠርቷል። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና እጄን አተኩረው አዩት።

«ታጥበሃል?»

«በሳሙና ታጥቤያለሁ፣ አዮ።»

«በል እየኝ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉና ፊታቸውን ቀና አድርገው አቀረቡልኝ።