ገብሱን ያስገቡት ሴቶች

ገርጂ ገና የስንዴ ማሳ፣ እኔም ገና ልጅ ሳለሁ፣ ግቢያችን መብራት አልገባለትም ነበር። ሲመሽ እናቴ ጭሱ የወጣለትን የከሰል ማንደጃ ወደ ቤት ታስገባለች፤ እኔና እህቴ ሰናይት ፋኖሱን አጠገቡ አስቀምጠን እትዬ ትርሐስን እንጠብቃለን። እትዬ ትርሐስ የጓሯችንን ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። ያኔ የጎረቤት ልጆች የጅብና የጦጣ ተረት ሲሰሙ፣ እኛ የምንሰማው ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድማ አሜሪካ ውስጥ ስለተወለደች አንዲት ደራሲና ስለ ቤተሰቧ ነበር። ስሟን አይነግሩንም፤ «ልጅቷ» ይሏታል። ክፍል ውስጥ የፈረንጅ መጽሐፍ አንብበዋል ተብለው አንድ ጊዜ ቀበሌ ተጠርተዋል፤ ከተደገመ ማስተማሩ እንደሚቀርባቸውም ተነግሯቸዋል። ከማስተማር በቀር ደግሞ ሌላ ኑሮ አልነበራቸውም።

የልጅቷም አባት አስተማሪ ነበር፤ ሐሳቡ ብዙ፣ እንጀራው ጥቂት። አንዲት ጥቁር ልጅ ትምህርት ቤቱ ቢቀበል ሌሎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡበት፤ እሱ ግን ሕፃኗን ከማባረር ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ መረጠ። እዚህ ላይ በሰውየው በጣም እንኮራ ነበር። ኩራታችን የዘለቀው እስከ እርሻው ድረስ ነው።

ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ ሰው ሁሉ እኩል የሚኖርበት እርሻ መሠረተ። ሥጋ መብላት ቀረ፣ ወተት መጠጣት ቀረ፣ በሬ መጥመድም ግፍ ነው ተባለ። ወንዶቹ ስለ ሰው ልጅ መጪ ዘመን ሲወያዩ፣ ሚስትየውና አራቱ ሴት ልጆች ውሃና እንጨት ያመላልሱ ነበር።

አንድ የኅዳር ምሽት ታሪኩ መኸር ላይ ደረሰ። ገብሱ ታጭዶ ሜዳ ላይ ተኝቷል፤ ወንዶቹ ንግግር ለማድረግ ሌላ አገር ሄደዋል፤ ሰማዩ ጠቁሯል። እናትየው ቅርጫትም አንሶላም ያገኘችውን ሁሉ ይዛ፣ ከልጆቿ ጋር እህሉን እየጎተተች ማስገባት ጀመረች። እናቴ ከት ብላ ሳቀች።

«ቁርጥ የእኛዎቹን» አለች።

የእኛዎቹ የምትለው ከአጥራችን ማዶ ያሉትን የአምራቾች ማኅበር ሰዎች ነው። ስንዴያቸው ታጭዶ ከተኛ ሰንብቷል፤ እነሱ ግን ከስብሰባ ስብሰባ ይጠሩ ነበር። ጠሪው የቀበሌው ካድሬ ጓድ መኩሪያ ነው። ቀና ስንል እሱው በራችን ላይ ቆሟል፤ የእሑዱን ውይይት ሊነግረን መጥቶ ኖሯል።

የእናቴ ሳቅ በአፏ ቀረ። እትዬ ትርሐስ እርሻው የአሜሪካ ነው ቢሉ፣ የኢምፔሪያሊስት ታሪክ ለሕፃናት አስተማሩ ይባላሉ፤ የማንም አይደለም ቢሉ፣ በማኅበሩ እየቀለዱ መሆኑን ለማወቅ ካድሬ መሆን አያስፈልግም።

«ጓድ ትርሐስ፣ ይህ እርሻ የት ነው?»

«አሜሪካ» አሉ፣ ክፍል ውስጥ እንደተጠየቀ ሰው።

«ወንዶቹስ?»

«ንግግር ላይ።»

ሰናይት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ጓድ መኩሪያ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና እጁን ወደ ፍሙ ዘረጋ።

«የእኔ እናት ብትሆን» አለ፣ «ሲመለሱ አንሶላውን ነበር ለራት የምታቀርብላቸው።» ከዚያም ጓድነታቸውን ረስቶ፣ «እትዬ፣ ልጅቷስ ምን ሆነች?» ሲል ጠየቀ።

እትዬ ትርሐስም ነገሩት። የበረዶው ክረምት ሳይወጣ እርሻው ፈረሰ። ልጅቷ ግን እናቷን እንደዚያ ካየቻት በኋላ ቤተሰቤ አይራብም ብላ ተነሳች፤ ሰፋች፣ አስተማረች፣ በሰው ቤት ሠራች፣ በጦርነት ዘመን ቁስለኛ አስታመመች። ሌት ተቀን ትጽፍ ነበር፤ ቀኝ እጇ ሲዝል በግራዋ ትጽፋለች። በኋላ የአራት እህትማማቾች ታሪክ ጽፋ መላ ቤተሰቧን አኖረች። አባቷንም እስኪሞት ጦረችው፤ እሱም እስኪሞት ተናገረ።

ጓድ መኩሪያ ስለ ውይይቱ ሳይነግረን ወጣ። ያን ሌሊት እናቴ አልተኛችም መሰለኝ።

እሑድ ግን የስብሰባው ጥሪ ቀረ። ጓድ መኩሪያን ያየነው የካኪውን እጅጌ ሰብስቦ ነዶ ተሸክሞ ነው፤ የማኅበሩ ሰዎችም ከኋላው ነበሩ። ዝናቡ የመጣው ስንዴው ተከምሮ ከተሸፈነ በኋላ ነው። እትዬ ትርሐስንም የጠራቸው አልነበረም፤ ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩ።

ካደግሁ በኋላ የደራሲዋን መጻሕፍት እየፈለግሁ አነበብኩ። ውስጤ የቀረችው ግን ያኔ በፋኖስ ብርሃን ያወቅኋት፣ ስም ያልነበራት ልጅ ናት። አባቷንም አልጠላሁትም፤ ለአንዲት ሕፃን ሲል ትምህርት ቤቱን የዘጋ ሰው በቀላሉ አይጠላም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ጥሩ ንግግርም እወዳለሁ። ብቻ፣ አዳራሹ ሲያጨበጭብ፣ ዓይኔ ሥራውን ሊሠራ ቀስ ብሎ ተነስቶ የሚወጣውን ሰው ይፈልጋል። እስካሁን ሳላገኘው የቀረሁበት ቀን ጥቂት ነው።