ስታዲየም ሊሠራበት የነበረው ጎማ ቤት

እዚህ አሜሪካ፣ ሶዶ በሚሉት የመጋዘኖች ሠፈር ምሳ ቤት በነበረኝ ጊዜ የግድግዳ ጎረቤቴ ጎሚስታ ነበሩ። አንድ አሮጌ መጋዘን በጣውላ ተከፍሎ ነው ለሁለታችን የተከራየው፤ በግራው በር የእኔ ጠረጴዛዎች፣ በቀኙ የእሳቸው ጎማዎች። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እሳቸው ጎማ ሲነፉ የእኔ ብርጭቆዎች መደርደሪያቸው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ደንበኞቻችን አንድ ናቸው፤ ከወደቡ ኮንቴይነር የሚያመላልሱ ሹፌሮችና ባለ ታክሲዎች። ጎማቸውን እዚያ ሰጥተው እኔ ጋ ይመጣሉ፤ ፉላቸውን በልተው ሲነሡ መኪናው ደርሷል።

ጎረቤቴ የሆሳዕና ሰው ናቸው። ረጅም፣ ከወገባቸው ጎበጥ ያሉ፣ ሲናደዱ ድምፃቸው የሚቀንስ። እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "እህቴ" ይሉኛል። ሁለት ልጆች አሏቸው። ወንዱ ቴክሳስ ሄዶ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ብዙም አይደውልም። ሴቷን ግን እዚያው ጎማ መሃል ነው ያሳደጓት። እናቷ አረጋውያን መጦሪያ ስለምትሠራ ልጅቷ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጎማ ቤቱ ትመጣና ተደራርበው ከተቀመጡት ጎማዎች ላይ ወጥታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሲርባት ወደ እኔ ትሻገራለች። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አባቷ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ፣ ዓመት ሙሉ ሳይቸገሩ ሲያወሩ እሰማ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ የከተማ ፕላን ተማረች። ዳውንታውን ሥራ ያዘች። ሰው ምን እንደምትሠራ ሲጠይቃቸው "ከተማ ነው የምትሠራው" ይሉ ነበር ጋሼ፤ እንደ ግንበኛ። በትክክል ምን እንደምትሠራ ግን አያውቁም ነበር፤ እኔም አላውቅም።

የስታዲየሙ ወሬ የመጣው በሹፌሮቹ አፍ ነው። ካለው የቤዝቦል ስታዲየም ወደ ደቡብ ያሉት መጋዘኖች ፈርሰው አዲስ ስታዲየም፣ በዙሪያውም ሆቴልና አፓርትመንት ሊሠራ ነው ተባለ። ምሳ ቤቴ ለሁለት ተከፈለ።

"ጨዋታ ባለ ቀን አሁንም መንገድ የለም" አለ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር። "ሌላ ሲጨምሩ ኮንቴይነሩን በጭንቅላታችን ተሸክመን ልናልፍ ነው?"

"አንተ ስለ ኮንቴይነርህ ታወራለህ" አለው ባለ ታክሲው። "እኛ የምንበላው ጨዋታ ሲኖር ነው። ይሥሩት።"

"ዱላ ይዞ ኳስ እስኪመጣለት ለሚጠብቅ ሰው ነው ይሄ ሁሉ?"

"ቆሞ ስለጠበቀ ነው ሚሊየነር የሆነው። አንተ ስትሮጥ ምን አገኘህ?"

ሰው ይስቃል፤ ሹፌሩ ይናደዳል፤ በነጋታው ደግሞ ከዚያው ይጀምራሉ። እውነቱን ለመናገር እኔ ልቤ ከባለ ታክሲው ጋር ነበር። ሆቴል ከመጣ ሠራተኛ ይመጣል፣ ሠራተኛ ደግሞ ምሳ ይበላል ብዬ አስብ ነበር። የምንፈርሰው እኛ ራሳችን መሆናችንን ያኔ አልነገሩንም።

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ በር ላይ ቆመው ይሰማሉ። "ይሄ ቤት አይነካም" ይላሉ። "ልጄ ከተማ ከሚሠሩት ውስጥ ናት። እንዲህ ዓይነት ነገር ቢኖር ትነግረኝ ነበር።"

መጋዘናችንም የሚፈርሱት ካርታ ውስጥ እንዳለ ያወቅነው አከራዩ መጥቶ ሲነግረን ነው። ከተማው ደግሞ ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ ጠርቶ ነበርና ጋሼ እናገራለሁ አሉ። በአስተርጓሚ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ። ልጃቸውን ኮል አድርገው ንግግሩን እንድታዘጋጅላቸው ሲጠይቋት አጠገባቸው ነበርኩ፤ ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር።

"ሶሪ ዳድ" አለች። በዚያ ሳምንት ፋታ እንደሌላት፣ ቢሆንም እሳቸው መናገራቸው ጥሩ መሆኑን፣ የሠፈሩ ሰው ድምፅ መሰማት እንዳለበት በእንግሊዝኛዋ ነገረቻቸው። የማታውቀውን ሰው የምታበረታታ ነበር የምትመስለው። ጋሼ ስልኩን ዘግተው "አየሽ፣ ከጎኔ ናት" አሉኝ።

ንግግሩን እኔ ጻፍኩላቸው። ጎማ ሲፈቱ፣ ጎማ ሲነፉ ያነበንቡታል፤ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ።

ስብሰባው ዕለት ሱፍ ለብሰው መጡ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የቡድኑን ማልያ የለበሱ ደጋፊዎች በአንድ ወገን፣ የወደብና የፋብሪካ ሠራተኞች በሌላ ወገን። ጋሼ ልጃቸው ልትመጣ እንደምትችል ስላሰቡ ከጎናቸው ያለው ወንበር ላይ ኮታቸውን አኖሩላት። ብዙ ሰው "ተይዟል?" እያለ ጠየቃቸው፤ "ለልጄ ነው" ይላሉ።

መጣች። ጥቁር ኮት ለብሳለች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛለች። ጋሼ እጃቸውን አነሡላት። እሷም እጇን አነሣችና ሄዳ ከፊት፣ ስታዲየሙን ሊሠራ ካሰበው ኩባንያ ሰዎች መሃል ተቀመጠች። ጋሼ ኮታቸውን ከወንበሩ አላነሡትም። "ከሥራ ሰዎቿ ጋር ናት" አሉኝ።

መጀመሪያ የተጠሩት እሳቸው ናቸው። ማይኩ ፊት ቆመው የያዙትን ጀመሩ። ሰብሳቢዋ አቋርጣ ወደ ማይኩ እንዲጠጉ፣ ደግሞም ቀስ ብለው እንዲናገሩ ጠየቀቻቸው። ሲያቋርጧቸው ጠፋባቸው፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። "የቤዝቦል ሰውም ጎማው ይተነፍሳል" የሚለው ጋ ሲደርሱ አዳራሹ ሳቀ። ጋሼ ሳቁን ወደውት ደገሙት። በሁለተኛው የሳቀው ግን ሌላ ሳቅ ነው። የተሰጣቸው ሰዓት አልቆ ቀይ መብራት በራ፣ ማይኩ ተዘጋ። እሳቸው እየተናገሩ ነበር፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፁ የለም። ከኋላዬ የተቀመጠ ማልያ የለበሰ ሰው ለጓደኛው "ምን ነበር ያለው?" አለው፤ ጓደኛው ትከሻውን ነቀነቀ።

ተመልሰው ሲቀመጡ "እንዴት ነበር?" አሉኝ።

"ሰሙዎት" አልኳቸው።

ጥቂት ሰው ከተናገረ በኋላ ልጃቸው ተጠራች። ወረቀት አልያዘችም።

"ቅድም ስለ ጎማ ቤቱ የተናገሩት ሰው አባቴ ናቸው" ብላ ጀመረች። "እወዳቸዋለሁ።"

ይሄን ጋሼ ሰሙት። ሰው ዞሮ አያቸው፤ እሳቸውም ፈገግ ብለው ግራና ቀኝ አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ ሰላምታ ሰጡ። ልጅቷ ቀጠለች። ድምፅዋ የሚያምር፣ የማይቸኩል ነው። ከዚያ በኋላ ያለችው ፈጠነባቸው መሰለኝ፣ ፈገግታቸው ሳይጠፋ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"ምን አለች?"

"ትጨርስና እነግርዎታለሁ።"

"አሁን ንገሪኝ። አንዳችም ሳታስቀሪ።"

ነገርኳቸው። እሷ እየተናገረች እኔ በጆሯቸው እየተከተልኩ። እዚያ ቤት ነው ያደግሁት አለች። የጎማ ሽታ ልብሴ ውስጥ ስለሚገባ ትምህርት ቤት ማንም አጠገቤ አይቀመጥም ነበር አለች። በየክረምቱ አስም ያንቀኝ ነበር፤ ሐኪሙ ከዚያ ቦታ አርቋት ብሎ ነበር፤ አባቴ ግን በማግሥቱም እዚያው አመጡኝ አለች። አይጥ ከደብተር መያዣዬ ውስጥ ወጥቶ ያውቃል አለች። ይሄን ቦታ ቅርስ ነው የምትሉ ሰዎች ልጆቻችሁን እዚያ አላሳደጋችሁም አለች። የወደብና የፋብሪካ ሠራተኞቹ አጉረመረሙ፤ ማልያ የለበሱት አጨበጨቡ።

"አባቴ ያንን ቤት አይወዱትም" አለች በመጨረሻ። "የማይለቁት ሌላ ቦታ መኖር ስለሚፈሩ ነው።"

ይሄንንም ነገርኳቸው።

መብራቱ ቀይ ሳይሆን ጨረሰች። ጋሼ ኮታቸውን ከወንበሩ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አጠፉት።

ኮሪደሩ ላይ ከኩባንያው አለቃዋ ጋር መጣች። አለቃዋ የጋሼን እጅ ጨብጦ እንዲህ ያለች ልጅ በማሳደጋቸው እንዲኮሩ ነገራቸው። "ኦኬ፣ ኦኬ" አሉት ጋሼ። ሰውየው ሲሄድ ልጃቸውን አዩዋት።

"መድኃኒትሽን ማን ገዛው?" አሏት። ድምፃቸው ቀንሶ ነበር።

በእንግሊዝኛ መለሰች። አውቃለሁ፣ የተናገርኩት እርስዎን ለመንካት አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው አለች። ቀጥላም እነዚያ ሰዎች እኮ ሲስቁብዎት ነበር፣ አላዩም? አለቻቸው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው "መኪናሽን የት ነው ፓርክ ያደረግሽው?" አሉኝ።

ከተማው ዕቅዱን አሳለፈው። አከራያችን ውል እንደማያድስ ነገረን። የእኔ ቀላል ነበር፤ ድስትና ወንበር ነው። የጋሼ ግን ማሽኖቹ ከሲሚንቶው ጋር በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ቦታ ስላላገኙ አንዳንዱን በቁራጭ ብረት ዋጋ ሸጡት። የመጨረሻው ማሽን ሲጫን ሹፌሮቹ ሊያግዙ መጥተው ነበር። ያ ባለ ታክሲ ሳይቀር መጣ። ጋሼ ማንንም አላስነኩም።

የጋሼ ሚስት በእኔ ተቀይማ ነበር። "ትንሽ ብታለዝቢላቸው ምን ነበረበት?" አለችኝ።

"ሁሉንም ንገሪኝ ብለዋል፤ ነገርኳቸው" አልኳት። "ልጅሽ ደግሞ ውሸት አልተናገረችም። አይጡን እኔም አይቼዋለሁ።"

 በኋላ ግን አባትና ልጅን ለማስታረቅ ብላ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለምሳ ጠራችኝ፤ ቤታቸው ቢከን ሂል ነው። ስገባ ልጅቷም ነበረች። አበባ ይዛ መጥታለች። እሷን ጠረጴዛው ጋ ከአባቷ ፊት ለፊት አስቀምጠዋታል።

"ዳድ፣ እንዴት ነዎት?" አለች። ይሄን በአማርኛ ነው ያለችው፤ በመንገድ ስትለማመደው የመጣች ይመስለኛል።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን አለች?"

"እንዴት ነዎት አለችዎት።"

"ደህና ነኝ በያት።"

ልጅቷ ሳቅ ለማለት ሞከረች። በእንግሊዝኛ፣ በዚያ ቀን ያለችው ስላስቀየማቸው ይቅርታ እንደምትጠይቅ፣ ነገር ግን ለጎማ ሥራቸው የሚሆን ቦታ እንድትፈልግላቸው እንዲፈቅዱላት ተናገረች። ድሮ ቢሆን ግማሹን ሳትጨርሰው ይመልሱላት ነበር። አሁን እኔን ጠበቁ። ተረጎምኩ። "ለሥራ ሰዎቿ ትፈልግላቸው በያት" አሉ። እናትየዋ "እባክህ" አለቻቸው። አልሰሟትም። ምሳው ሁሉ እንዲህ አለቀ። እሷ ጨው እንዲያቀብሏት ስትጠይቅ እንኳ ወደ እኔ ያዩ ነበር። እኔም እተረጉማለሁ። በመጨረሻ ልጅቷ በጥሩ አማርኛ፣ "አባዬ፣ አናግረኝ" አለቻቸው። ከሕፃንነቷ በኋላ "አባዬ" ስትል ሰምቼ አላውቅም።

"ምን አለች?" አሉኝ ጋሼ።

እሱን አልተረጎምኩም። ልጅቷ ተነሥታ ኮቷን ለበሰች።

ስታዲየሙ አልተሠራም። ኩባንያው ዋጋው አላዋጣኝም አለ መሰለኝ፣ ነገሩን ትቶ ሄደ። መጋዘናችን ግን ያኔ ፈርሷል። አሁን ቦታው በሽቦ የታጠረ ሜዳ ነው፤ ጨዋታ ባለ ቀን መኪና ያቆሙበታል፤ ባዶ ሲሆን ውሃ ይቋጥራል። ልጅቷን ኩባንያዋ ወደ ሌላ ሥራ አዛወራት። ጋሼ ሥራ አልያዙም። ሰው ከየመንገዱ "ጎማ የት እንጠግን?" ብሎ ሲደውልላቸው አድራሻ ያመላክታሉ፤ ያ ብቻ ነው።

እኔ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሊንውድ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ትንሽ ኩሽና ይዣለሁ። አንድ ቀን ልጅቷ ባቡር ይዛ መጣች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ሽሮ አዘዘች። ግማሽ ያህል ከበላች በኋላ፣

"አክስቴ፣ ለአባቴ ይነግሩልኛል?" አለችኝ። "እናቴ መናገር ፈርታለች።"

እዚያው ፊቷ ደወልኩ። ጋሼ አነሡት። ደኅንነታቸውን ጠይቄ "ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ አያት ሊሆኑ ነው" አልኳቸው።

"ማን ወለደ?"

"ገና ናት። ልጅዎ ናት።"

 መኪና ውስጥ ነበሩ መሰለኝ፣ የዝናብ መጥረጊያ ድምፅ ይሰማል።

"እኔ ያለኝ ወንድ ልጅ ነው" አሉ። "እሱ ደግሞ አያረግዝም።"

ኩሽናዬ ጠባብ ነው፤ ሰማችው። ስልኩን ዘጋሁት። እጇን ጠርጋ "ድምፃቸው እንዴት ነው? ጤነኛ ናቸው?" አለችኝ፤ እንደገና በእንግሊዝኛ።

"ደህና ናቸው" አልኳት። የተረፈውን ሽሮ ቋጠርኩላትና ወሰደችው።

ወንድ ወለደች። ለገንፎው እናትየዋ ሄደች፤ ጋሼ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ዕቃ ይዘውላት ሸኝተው ተመለሱ። ልጁ አሁን መቆም ጀምሯል። ባለፈው ቤታቸው ስሄድ እናትየዋ ጎኔ ተቀምጣ ፎቶውን በስልኳ ታሳየኝ ነበር፤ ጠረጴዛ ይዞ ቆሟል፣ ግንባሩ የጋሼ ነው። የበሩ ቁልፍ ሲዞር ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችውና ስለ አየሩ ማውራት ጀመረች።